ድንኳን ነው ስታዲየም? የ100 ሺህ ወንበር ጭቅጭቅ

(ማንቸስተር ዩናይትድ በኦልድትራፎርድ ፈንታ ሊሰራ ስላሰበው አዲስ ስታዲየም የድሬ ኳስ ወዳጆች በግሩፕ የተባባሉት፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 2025)

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ ትናንት ማታ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም፣ ተናንቆኝ ነው። በግሪምስቢ፣ በአራተኛ ሊግ ክለብ፣ 2ለ0 ተመርተን እንደምንም በማጓየር 2ለ2 አድርገን በመለያ ምት 12ለ11 ተሸንፈን፣ ሌሊት 6 ሰዓት አልፎ ባጃጅ እንኳን አጥተን አንገታችንን ደፍተን ከኳስ ማሳያ ቤቱ ስንወጣ ያ አርሴናል ነኝ ባይ በር ላይ ቆሞ "አይዟችሁ፣ 100 ሺህ ሰው የሚይዝ የለቅሶ ድንኳን እየተሰራላችሁ ነው" ይለናል። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ባለቤቱም ሳቀ፣ የኔን 40 ብር ኪሱ ከቶ። እዚህ ግሩፕ ስላለህ ታነበዋለህ። ድንኳን ያልከው የአርክቴክቱ የኖርማን ፎስተር ቢሮ የነደፈውን፣ የእንግሊዝ ትልቁ የሚሆነውን ስታዲየም ነው። ዌምብሌይ ራሱ 90 ሺህ ነው። ትንሽ አክብሮት አቦ።

መድፈኛው፦ አንብቤዋለሁ፣ አልክድም። ግን ስዕሉን አይተኸዋል? ሦስት ምሰሶ ቆሞ ከላይ ሸራ የመሰለ ነገር ተወጥሯል። ይሄ በየትም ሰፈር ድንኳን ነው። ወላሂ የጎደለው በአንድ ጥግ ካርታ የሚጫወት ጎረምሳና ከበሩ ፊት የተጣደ በርሜል ሻይ ብቻ ነው።

ከዚራ_10፦ ምሰሶው 200 ሜትር ነው ጌታው። ከ40 ኪሎ ሜትር ይታያል ብለዋል። ማታ ከሐረር ስትመጣ ደንገጎ ላይ የድሬ መብራት ቁልቁል እንደሚታይህ አስበው፣ እንደዛ።

መድፈኛው፦ ለቅሶ ደራሽ እንዳይጠፋበት ነዋ።

ከዚራ_10፦ 😂 ይሄንን አልጠበኩም

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ ከዚራ አንተ የማን ነህ? የኛ መስለኸኝ ነበር።

ከዚራ_10፦ የናንተ ነኝ ግን ይሳቃል እኮ። በረኛ ኦናና፣ አሰልጣኙ አሞሪም ቤንች ላይ ተሸጉጦ ፔናሊቲ ማየት ያቃተው፣ የመጨረሻዋን ምቤውሞ ብረት ያስመታት። እንዲህ ሆኖ ያልሳቀ መቼ ይስቃል።

ለገሃር_ልጅ፦ ስለ ድንኳን ስትጨቃጨቁ አንድ ነገር ዘላችኋል፣ ድንኳኑ ጭራሽ ላይተከል ይችላል። ከኦልድትራፎርድ ጀርባ የጭነት ባቡር ተርሚናል አለ፣ ኮንቴይነር የሚራገፍበት። አዲሱ ስታዲየም በዛ ስዕል ልክ ይሰራ ከተባለ የባቡሩ መሬት የግድ ያስፈልጋል። ጋዜጦቹ እንደጻፉት ክለቡ የሚያስበው 50 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው፣ የተርሚናሉ ባለቤቶች የጠሩት ደግሞ 400 ሚሊዮን። መሬቱ ካልተገኘ ከላይ ያለው ጥላ ቀርቶ ስታዲየሙ ብቻ ይሰራል የሚል ወሬም አለ። እኔ የምድር ባቡር ልጅ ነኝ፣ የባቡር መሬት ምን እንደሆነ ድሬ ውስጥ ማንም አይነግረኝም። እኛ ጋ አዲሱ ባቡር ሲመጣ ጣቢያው ከከተማ ወጥቶ መልካ ጀብዱ ሄደ፣ የድሮው ለገሃር መሃል ከተማ ቁጭ ብሎ ቀረ። እነሱ ጋ ደግሞ ጣቢያውን ለማስነሳት ዋጋ ይከራከራሉ። የባቡርን መሬት የነካ ሁሉ ቶሎ ጨርሶ አያውቅም። ስለዚህ 5 ዓመት የሚሉትን እርሱት።

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ 5 ዓመቱን ያሉት እኮ ክፍል ክፍሉን ሌላ ቦታ ሰርተው በማንቸስተር ቦይ በጀልባ አምጥተው ስለሚገጣጥሙት ነው። ቢዝነስ ስለሆነ አይገባህም።

ለገሃር_ልጅ፦ ገጣጥመው የሚተክሉት ከሆነማ ድንኳን ነው ማለት ነው።

መድፈኛው፦ 😂😂😂 ከራሳቸው ሰው ወጣ!! ቀፊራ ተመልከት ከራሳችሁ!

ሳቢያኗ፦ እናንተ ድንኳኑን ያዛችሁ፣ እኔ እድሩን ነው የምጠይቀው። ማነው የሚከፍለው? 2 ቢሊዮን ፓውንድ ይፈጃል ተብሏል፣ ክለቡ ደግሞ ለተጫዋች ግዢ ያልከፈለውን ጨምሮ ያለበት ዕዳ ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል። መንግሥት አካባቢውን ለማልማት አግዛለሁ አለ እንጂ ስታዲየሙን አልሰራም ብሏል። ግሌዘሮች በ2005 ክለቡን የገዙት በብድር ነው፣ ብድሩንም መልሰው በክለቡ ጫኑበት። ከዛ ድርሻ የገዛው ራትክሊፍ መጣ፣ መጀመሪያ ያደረገው 250 ሠራተኛ መቀነስ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ እስከ 200፣ ከዛ የሠራተኛውን ነፃ ምሳ መከልከል። አምና በውድድሩ መሃል ዝቅተኛውን ትኬት 66 ፓውንድ አደረጉት፣ ልጅም ሽማግሌም ሳይለይ። በኛ ከ10 ሺህ ብር በላይ። የሠራተኛ ምሳ ላይ የሚቆጥብ ሰው 100 ሺህ ወንበር የሚሰራው ለደጋፊው አዝኖ ነው? መዋጮው ከማን እንደሚሰበሰብ ይታወቃል።

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ እህቴ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው ግን ለዚህ ነው እኮ ስታዲየሙ የሚያስፈልገው። አሁን የሚይዘው 74 ሺህ ነው፣ በ15ኛ ደረጃ እንኳን ሞልቶ ነው የሚጫወተው። 26 ሺህ ሰው ስትጨምሪበት በየጨዋታው ስንት እንደሆነ አስልተሽ እዪው። አርሴናል ራሱ ከድሮ ሜዳው ከሃይበሪ 38 ሺህ ወደ 60 ሺህ የወጣው ለምን ሆነና?

ሳቢያኗ፦ ወጥቶ ምን አመጣ? በ2006 ገባ፣ እስከ 2014 አንድ ዋንጫ አልበላም። ሊግ ደግሞ እዛ ሜዳ ላይ ሆኖ እስከ 2025 ድረስ አላነሳም። የስታዲየም ዕዳ ሲከፍል ተጫዋች ሲሸጥ ከረመ። አንተ የምትመኝልን ይሄንን ነው?

መድፈኛው፦ ቆይ እኔን ምን አገባኝ? ከናንተ ጋር ነበርኩ እኮ

ሳቢያኗ፦ ድንኳን ያልከው አንተ ነህ። የናንተ ድንኳን 19 ዓመት ቆሟል ሠርግ አላየበትም።

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ ሳቢያኗ 🔥🔥🔥 እንደሱ በዪው

መድፈኛው፦ የዛሬ 11 ቀን የኛ ካላፊዮሪ በኮርና የቀበራችሁ የማን ሜዳ ላይ ነበር? ወንበር ጎል ያገባል ብላችሁ ካመናችሁ 74 ሺሁ ወንበር ያን ቀን ምን ይሰራ ነበር?

ለገሃር_ልጅ፦ ወንበር ጎል ያገባል ያለ የለም። ግን ቶተንሃም በ2019 62 ሺህ ሠራ፣ ዘንድሮ ቢልባኦ ላይ እኛኑ 1ለ0 አሸንፎ ዩሮፓን በላ።

መድፈኛው፦ እናንተን ማሸነፍ እኮ ስታዲየም አይጠይቅም፣ ግሪምስቢን ጠይቃቸው።

ከፒያሳ፦ እኔ ቼልሲ ነኝ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ድንኳን የሚያስፈልጋቸው ኦልድትራፎርድ ስለሚያፈስ ነው። በ2024 ግንቦት ከአርሴናል ጋር ሲጫወቱ ዝናቡ ከጣሪያው ጥግ እንደ ፏፏቴ ሲወርድ አላያችሁም? የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የመጣ ነው የሚመስለው 😂

ሳቢያኗ፦ ይሄንን አጥፋው።

ከፒያሳ፦ የቱን?

ሳቢያኗ፦ የደቻቱን። ነሐሴ ነው፣ ዛሬም ሰማዩ ጠቁሯል። በ1998 ዓ.ም. በጎርፉ ሌሊት የሆነውን አንተ አዲስ አበባ ሆነህ በቴሌቪዥን አይተኸዋል፣ እኔ የጎረቤቶቼን ልጆች ቆጥሬበታለሁ። ስለ ኳስ የፈለከውን ቀልድ።

ከፒያሳ፦ ይቅርታ፣ አላሰብኩትም ነበር። ጠፍቷል።

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ እሺ ወደ ጉዳያችን። ጣሪያው ማፍሰሱ እውነት ነው። 1910 የተከፈተ ሜዳ ነው፣ በ1941 በጀርመን ቦምብ ተመቶ እስከ 1949 በሲቲ ሜዳ ነው የተጫወቱት። ጠጋግነን እንቀጥል የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን አዲስ ይሰራ ባይ ነኝ። ድንኳንም ቢሉት።

የባቡር_ጡረተኛ፦ ልጆች እንደምን ዋላችሁ። ከላይ ጀምሬ ሳነበው ነበር። ስለ ጣሪያ ስትናገሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ ሲመጣ እዚሁ ድሬ ስታዲየም ከአጎቴ ጋር ገብቻለሁ። ናይጄሪያ፣ ዛየር፣ ሞሮኮ፣ ሱዳን፣ ምድቡ በሙሉ እኛ ጋ ነበር። ሲሚንቶው በፀሐይ ግሎ እንደ ምጣድ ነው፣ ቂጣ ይጋግራል። አጎቴ ካርቶን ለሁለት ቀዶ ግማሹን ከታቹ አነጠፈ፣ ግማሹን በጭንቅላቴ ላይ ያዘልኝ። እጁ ሲደክመው ያቀያይራል። ናይጄሪያ ዛየርን 4ለ2 ስትረታ የሱ እጅ ከላዬ አልወረደም። እንግሊዞቹ ጣሪያ የሚሹት ለዝናብ ነው፣ እኛ ለፀሐይ ነበር። ጥላ ያለው ስታዲየም ድንኳን ቢባል አይከፋኝም።

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት 🙏 ዛየር እኮ ያኔ የዋንጫው ባለቤት ነበረች አይደል?

የባቡር_ጡረተኛ፦ አዎን፣ ዓለም ዋንጫም ደርሳ መጥታ ነበር። ዋንጫውን ግን በመጨረሻ ሞሮኮ ወሰደችው። አህመድ ፋራስን በዓይኔ አይቻለሁ።

ከፒያሳ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና በ1968 ውድድሩ የተደረገው አዲስ አበባና አስመራ ነው። ድሬ በ76 ነው። አሁን ፈትሼ ነው።

የባቡር_ጡረተኛ፦ ልጄ፣ የፈተሽከው የፈረንጅ ነው። የአስመራው በእኛ ጥር 1960 ነው። የድሬው በፈረንጅ 1976፣ በእኛ የካቲት 1968። ሁለቱም ልክ ነው፣ አንተ ብቻ ነህ የተቀላቀልክ።

ለገሃር_ልጅ፦ 😂 ከፒያሳ ዛሬ ቀንህ አይደለም

ከፒያሳ፦ ታዲያ ዓ.ም. ይባላል ወይ እ.ኤ.አ. ይባላል፣ ቁጥር ብቻ ተጽፎ እንዴት ይታወቃል?

ከዚራ_10፦ ጋሼ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ በፈረንጅ ቆጥረው ምን ሊያደርጉ? ቀፊራ ግን 1910 ያለው በማን ነው? በኛ ከሆነ ኦልድትራፎርድ ገና አዲስ ነው 😂

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ በፈረንጅ!! ግልጽ አይደለም እንዴ

ለገሃር_ልጅ፦ እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። የዛሬ 50 ዓመት ምድብ ሙሉ ያስተናገደች ሀገር ነች፣ ዋሊያዎቹ በ2014 ዓ.ም. ግብፅን 2ለ0 ሲያሸንፉ "በሜዳችን" የተባለው ሊሎንግዌ ነበር። ማላዊ! ካፍ ሜዳችንን ስለከለከለን። አደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ይይዛል ተብሎ በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ፣ እስካሁን አንድ ጨዋታ አላየንበትም። እኛ እዚህ ቁጭ ብለን የማንቸስተርን ምሰሶ እንለካለን።

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ ይሄ ወሬ ሁሌ ይመጣል። ስለ ዩናይትድ ባወራን ቁጥር "የራሳችሁን ሳትሰሩ"። እኔ ኮንትራክተር ነኝ? ድሬ ከተማም ሲጫወት እገባለሁ፣ አንተ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው የገባኸው?

ለገሃር_ልጅ፦ ኢትዮጵያ ቡና ሲመጣ።

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ አየህ! ቡና ሲመጣ። ያኔማ አጥር ላይም ሰው አለ። ስታዲየም ስንት ይይዛል ስትል እኛ ጋ መልሱ "ማን መጣ?" ነው። ባዶ ቀን ና፣ ያኔ እናወራለን።

ሳቢያኗ፦ ይሄ እውነት ነው። እኔ ግን ባዶ ቀን ብመጣ የሴት ሽንት ቤት የት እንደሆነ የሚያሳየኝ አለ? ስለ 100 ሺህ ወንበር ይወራል፣ ስለ እሱ የሚያወራ የለም።

ከዚራ_10፦ ማንቸስተርም ጋ ወረፋ ነው ይላሉ።

ሳቢያኗ፦ ወረፋው ሽንት ቤት ሲኖር ነው ከዚራ።

መድፈኛው፦ ስለዚህ ተስማምተናል? ድንኳን ነው?

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ አልተስማማንም። የሠርግ ድንኳን ነው ካልክ እቀበላለሁ።

መድፈኛው፦ ሙሽራው ማነው? አሞሪም?

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ ...

መድፈኛው፦ ዝም አለ 😂😂

ሳቢያኗ፦ መዋጮውን ግን እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ከዚራ_10፦ ቅዳሜ 11 ሰዓት በርንሊ ነው። ወንበር ያዙልኝ፣ ትናንት ቆሜ ነው ያየሁት።

ቀፊራ_ዩናይትድ፦ አልይዝም። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል።