የሊዮኒዳ ካርታ ከመጀመሪያው ቀን ክፍት ይሆናል ወይስ ድልድዩ ይዘጋብናል?

የደሴው ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ግራንድ ቴፍት አውቶ 6 የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ኅዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ይወጣል ተብሏል። ሐሙስ ነው፤ ከኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን ይቀድማል። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. 2025 ተባለ፣ ቀጥሎ ግንቦት 18 ቀን 2018 ተባለ፣ አሁን ደግሞ ኅዳር። መራዘሙን ብዙ ሰው ስላነሣው እኔ አልመለስበትም። ጥያቄዬ ጨዋታው ስለሚካሄድባት፣ በፍሎሪዳ አምሳል ስለተፈጠረችው የሊዮኒዳ ግዛት ካርታ ነው። ግን ለምን እንደሚያሳስበኝ እንድትረዱኝ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በ1998 ዓ.ም. ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2፣ አንድ ረጅም የእንጨት አግዳሚ። አሥር ደቂቃ በ1 ብር። አብዛኛው ልጅ የሚከፍለው ለእግር ኳስ ነበር። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ግን ሳንቲማችንን አዋጥተን የዚሁ ጨዋታ የቀድሞ ክፍል የሆነውን ቫይስ ሲቲን እናስከፍታለን። ቤቱ የደረስንበትን የሚያስቀምጥ ሜሞሪ ካርድ አልነበረውም። ስለዚህ በየቀኑ ባለ ታሪኩ ቶሚ ቬርሴቲ ያንኑ ሆቴል ይገባል፣ ያንኑ ልብስ ይቀይራል፣ እኛም ከዜሮ እንጀምራለን። ሰዓታችን ሲደርስ ባለቤቱ ትከሻችንን ነካ ያደርገናል፤ የሠራነው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ጨዋታውን የምታውቁት ታስታውሳላችሁ፤ መጀመሪያ ላይ ወደ ምዕራቡ ደሴት የሚያሻግሩት ድልድዮች ዝግ ናቸው። አውሎ ነፋስ ስለሚጠበቅ ነው ይባላል። ታሪኩ ካልገፋ አይከፈቱም፤ እኛ ደግሞ በአሥር ደቂቃ ታሪኩን የምንገፋበት መንገድ አልነበረንም። ቶሚ ዋና ስለማይችል ውኃ ውስጥ በገባ ቁጥር ይሞታል። ይህን እያወቅን ደጋግመን ሞክረናል። ሲመሽ ማዶ ያሉት ፎቆች መብራታቸው ይታያል። ጓደኛዬ «ማዶ አውሮፕላን ማረፊያ አለ» ይላል፤ እኔ «የለም፣ ማዶ ያለው ተራራ ነው» እላለሁ። በዚህ ጉዳይ እስከ ቤታችን በር ድረስ ተከራክረናል።

ያን ድልድይ የተሻገርኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ኮምፒውተር ላይ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው እውነት ነበር። ተራራው ግን አልነበረም።

አሁን የጨዋታው ሠሪ ሮክስታር በድረ ገጹ ካስተዋወቃቸው የሊዮኒዳ አካባቢዎች መካከል ቫይስ ሲቲ አለች፣ የሊዮኒዳ ኪስ ደሴቶች አሉ፣ ግራስሪቨርስ የሚባለው ረግረግ አለ፣ ፖርት ጌልሆርን እና አምብሮዝያ አሉ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማውንት ካላጋ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ተራራ! ያን ስም ሳነብ ለዚያ ለጎረቤታችን ልጅ ወዲያው ደወልኩለት።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በቫይስ ሲቲ፣ በሳን አንድሪያስ እና በአራተኛው ክፍል የካርታው ገሚስ መጀመሪያ ዝግ ነበር። በአምስተኛው ግን ከመግቢያው ምዕራፍ በኋላ ሁሉም ቦታ ክፍት ሆነ። ስድስተኛው የትኛውን የሚከተል ይመስላችኋል? እኔ ቢያንስ አንድ ድልድይ ቢዘጋ እመርጣለሁ። የቫይስ ሲቲን ያህል በውስጤ የቀረ ከተማ የለም፤ የቀረውም ማዶውን እያየሁ ስላደግሁ ይመስለኛል። በአምስተኛው ክፍል በመጀመሪያው ምሽት ከከተማው ተነሥቼ እስከ ሰሜኑ ጫፍ ነዳሁ፤ በሁለተኛው ምሽት የምናፍቀው ቦታ አልነበረኝም።

ባለ ሦስት ማዕዘኗ

ሥራዬ የሦስት አቅጣጫ አኒሜሽን ስለሆነ ከዚያ በኩል ልመልስልህ።

በቫይስ ሲቲ ድልድዩ ከተከፈተ በኋላም ስትሻገር ማያው ለጥቂት ሰከንድ ቆሞ አዲሱ ደሴት ይጫን እንደነበር ታስታውስ ይሆናል። የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ማኅደረ ትውስታ 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ሁለቱን ደሴቶች በአንድ ጊዜ መያዝ አይቻልም። ፕሌይስቴሽን 5 ግን 16 ጊጋባይት አለው፤ አምስት መቶ እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ድልድይ ከተዘጋ የሚዘጋው ታሪኩ ፈልጎት ነው። ሮክስታር ይህን እ.ኤ.አ. በ2018 በሌላው ጨዋታው በሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 አድርጎታል። ባለ ታሪኩ አርተር ሞርጋን ወደ ኒው ኦስቲን ልሻገር ቢል በጥይት ይመታል፤ ያ ምድር ለተጫዋቹ የሚከፈተው ታሪኩ ወደ ጆን ማርስተን ሲዞር ነው። ማሽኑ ችሎ ሳለ ካርታው ተዘጋ።

አሁን ወደ ግምቴ ልምጣ። የስድስተኛውን የመጀመሪያ ትሬለር (የማስተዋወቂያ ፊልም) ከመቶ ጊዜ በላይ ሳላየው አልቀርም። ኅዳር 25 ቀን 2016 ከቀኑ 11 ሰዓት ይለቀቃል ተብሎ ሲጠበቅ ቀድሞ ሾልኮ ወጣና ሮክስታር በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ለቀቀው። ከሁለቱ ባለ ታሪኮች አንዷ ሉሲያ እስር ቤት ተቀምጣ ለምን እዚህ እንደመጣች ስትጠየቅ ዕድሏን ታማርራለች። በሁለተኛው ትሬለር ደግሞ ሌላኛው ባለ ታሪክ ጄሰን ሄዶ ከእስር ቤት ደጃፍ ይቀበላታል። በታዩት ምስሎች ውስጥ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የመከታተያ መሣሪያ ታስሯል። እንዲህ ያለ መሣሪያ የታሰረበት ሰው ከተፈቀደለት ክልል መውጣት አይችልም።

ጄሰን ግን እግሩ ነጻ ነው። ኪስ ደሴቶች ላይ ይኖራል፤ ለአደንዛዥ ዕፅ አዘዋዋሪዎች ይሠራል። ስለዚህ ድልድዩ ለአንደኛው ክፍት፣ ለሌላኛዋ ዝግ ቢሆንስ? ጄሰንን ስትይዝ ትሻገራለህ፤ ሉሲያን ስትይዝ ወዲህ ትቀራለህ፤ የመከታተያው መሣሪያ የሚፈታበት ቀን ካርታው ለሁለቱም ይከፈታል። የመጀመሪያው ትሬለር የሚያልቀው ሁለቱ ስለ መተማመን ተነጋግረው በር ገንጥለው ሲገቡ ነው። አንዱ ሄዶ አንዷ የምትቀርበት ጨዋታ ከዚያ ቃል ጋር ይገጥማል። እንዲህ ቢሠሩት ሥራዬን አቁሜ ስጫወት እከርማለሁ።

ሐዋሳ ፕሌይስቴሽን

እኔ በሐዋሳ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ፤ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ወንድሜ የደሴው ልጅ፣ ታሪክህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነገር ግን ከልቤ እቃወምሃለሁ።

አንተ ዛሬ ቤትህ ቁጭ ብለህ፣ የራስህ ማሽን ላይ፣ ስትፈልግ አቁመህ ስትፈልግ ትቀጥላለህ። ድልድዩ ተዘግቶ ሃያ ሰዓት ቢያስጠብቅህ ናፍቆት ይሆንልሃል። እኔ ቤት የሚመጡት ልጆች ግን በሰዓት የሚከፍሉ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ለግማሽ ሰዓት የሚከፍል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አለኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ በታክሲ ረዳትነት ይሠራል። ስድስተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን ወንበር ለእኔ ብሎ ከወዲሁ ይዞታል። ፊልም የሚመስለውን መግቢያ አይቶ፣ ሁለት ሥራ ሠርቶ ሰዓቱ ያልቅበታል። ካርታው ክፍት ከሆነ ግን መኪናውን አስነሥቶ እዚያ ተራራህ ድረስ ይነዳል፤ ለከፈለው ገንዘብ ተራራውን ያያል። ዝግ ከሆነ በአንድ ሰፈር ውስጥ ሲዞር ይውላል። አንተ ያኔ የደረሰብህ ይኸው አይደለም?

በአምስተኛው ክፍል ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ደንበኛዬ አንድም የታሪኩን ሥራ ሳይነካ በየሳምንቱ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ማውንት ቺሊያድ ጫፍ ድረስ በብስክሌት ይወጣል፤ እዚያ ቆሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ያያል፤ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ስለ ጨዋታው መጨረሻ ጠይቆኝ አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው በስድስተኛው ድልድዩ ዝግ ቢሆን የት ይሄዳል?

ደግሞም የመብራት ነገር አለ። መብራት ጠፍቶ የሦስት ሰዓት ሥራ የጠፋበትን ልጅ ፊት አይቻለሁ። ታሪክ ተገፍቶ የሚከፈት ካርታ ለእንደዚህ ዓይነቱ ቤት ይከብዳል።

የአትላንታው ሾፌር

ሰላም ልጆች። እኔ ጌም አልጫወትም፤ ዕድሜዬም አልፏል። ልጄ ነው ይህን ጽሑፍ ያነበበልኝ፤ ድልድይ ሲባል «አባዬ፣ አንተ የምትነዳበት ነው» አለኝ። የጭነት መኪና እነዳለሁ፤ ከአትላንታ ማያሚ ስመላለስ ዓመታት አልፈውኛል። የጨዋታው ከተማ የተሠራችው በማያሚ አምሳል መሆኗን ነገረኝ፤ ትሬለሩንም አሳየኝ። የባሕሩ ቀለምና የሰማዩ ዳመና ትክክል ነው። ከሰዓት በኋላ እንደዚያ ጠቁሮ ይመጣና ሃያ ደቂቃ አውርዶ ያባራል።

ስለ ድልድዩ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በፍሎሪዳ ደሴቶች ጫፍ ወዳለችው ኪ ዌስት የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከደሴት ደሴት በድልድይ እየዘለለ 113 ማይል ይሄዳል። ባለፈው ዓመት ቤተሰቤን ይዤ ሄድኩበት። መካከል ላይ የሰባት ማይሉ ድልድይ ይገኛል፤ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እዚያ ላይ ስትሆኑ በግራም በቀኝም ውኃ ብቻ ነው። ከጎኑ አሮጌው ድልድይ አሁንም ቆሟል። አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል፤ ከብረቱ መካከል ዛፍ በቅሎ አይቻለሁ። ልጄ መኪናውን እየነዳ እኔ በመስኮት ያንን ተቆርጦ የቀረ መንገድ ብቻ ስመለከት አለፍን።

መንገዱ መጀመሪያ የባቡር ሐዲድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ኪ ዌስት ደረሰ። በ1935 አውሎ ነፋስ መታው፤ ባቡሩም በዚያው ቀረ። በ1938 በቅሪቱ ላይ የመኪና መንገድ ሠሩበት። ዛሬም አውሎ ነፋስ ሲመጣ ሰው ሁሉ እንዲወጣ ይታዘዛል፤ መውጫው ያው አንድ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢርማ የተባለው ነፋስ ካለፈ በኋላ ድልድዮቹ እስኪመረመሩ ድረስ ነዋሪዎቹ እንኳ እንዳይመለሱ ተከልክለው ነበር። ስለዚህ በአውሎ ነፋስ ምክንያት ድልድይ ዝግ ነው ማለታቸው ከሜዳ ተነሥተው የፈጠሩት አይደለም፤ እዚያ የሚኖር ሰው የሚያውቀው ነው።

ተራራውን በተመለከተ ግን የደሴው ልጅ ቅር እንዳይልህ፤ ፍሎሪዳ ተራራ የላትም። ከፍተኛው ቦታ 105 ሜትር ነው። ለደሴ ልጅ እሱ ጉብታም አይባልም። ተራራውን እነርሱ ጨምረውታል።

የደሴው ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጅዎንም አመስግኑልኝ። ያ የተቆረጠ ድልድይ በሁለተኛው ትሬለር ውስጥ ይታይ እንደሆነ ዛሬ ማታ ምስሉን እያቆምኩ እፈልጋለሁ። ተራራውን ሆን ብለው መጨመራቸውን ከእርስዎ መስማቴ ደግሞ አስደስቶኛል። በሌለበት ቦታ ተራራ የፈጠርኩት እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

እህቴ፣ ለጄሰን ክፍት ለሉሲያ ዝግ የሚለው ግምትሽ ከሰማኋቸው ሁሉ ይበልጣል። የእኔን ፍላጎት ከነምክንያቱ ይዞታል፤ የሐዋሳውን ወንድማችንንም ጭንቀት በግማሽ ይመልሳል፤ ልጁ ጄሰንን ይዞ ይሄዳልና።

የሐዋሳው ወንድሜ፣ አንተ ግን አስደንግጠኸኛል። ስለ ድልድዩ ስጽፍ በመጨረሻ የተሻገርኩትን ሰው ሆኜ ነበር የጻፍኩት። የጎረቤታችን ልጅ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ አዲስ አበባ ሥራ ገባ፤ ቫይስ ሲቲን ዳግመኛ አልተጫወተም። አውሮፕላን ማረፊያው በእርግጥ እንደነበረ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ በስልክ። እሱ ራሱ አላየውም። ትናንት ስለ ማውንት ካላጋ ስደውልለት መጀመሪያ የጠየቀኝ «ወዲያው መሄድ ይቻላል?» ብሎ ነው፤ እኔ ደግሞ ባይቻል ይሻላል ብዬ መለስኩለት። አሁን ሳስበው መልሴ ለእሱ የሚሆን አልነበረም። ይከፈት። የሚናፍቅ ሰው በራሱ ፈቃድ ሳይሻገር መቆየት ይችላል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አሁን ቤትህ ውስጥ ልጆቹ የደረሱበትን የምታስቀምጥበት መንገድ አለህ?

ሐዋሳ ፕሌይስቴሽን

አለኝ። ለታሪክ ጨዋታ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ በማሽኑ ላይ በየስሙ የተጠቃሚ መለያ ከፍቼለታለሁ። ከዚህ ሌላ ደብተር አለኝ፤ ማን የት እንደደረሰ፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረው እጽፍበታለሁ። ስንጀምር ባለቤቴ ነበረች የምትጽፈው፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች የእሷ እጅ ናቸው። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ብልጭ ብልጭ ካለ ደግሞ «አስቀምጡ!» ብዬ እጮኻለሁ፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ጓደኛህን ይዘህ ወደ ሐዋሳ ብቅ ካልህ ለእሱም አንድ ስም እከፍትለታለሁ። ምን ብዬ ልጻፈው?