«ኢምፖቨሪሽ» መደህየት ነው ማደህየት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የትርጉም ሥራ እያረምኩ ነው። እንግሊዝኛው ጦርነቱን ባለቤት አድርጎ «ኢምፖቨሪሽ» በሚለው ግስ ይናገራል፤ ተርጓሚው ግን «አገሪቱ በጦርነቱ ደኸየች» ብሎታል። ባልደረባዬ «ተሳስቷል» ይላል፣ እኔ ምንም አልታየኝም። ፍረዱን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስህተት እንኳ አይባልም፤ ባልደረባህ ግን አንድ ነገር አይቷል። ግሱ ተሻጋሪ ነው። አደህይ ይፈልጋል፦ ጦርነት፣ ግብር፣ ቁማር። እኛ «ደኸየ» ላይ «አ» ጨምረን «አደኸየ» እንላለን። እንግሊዝኛ በተቃራኒው «ደኸየ»ን ብቻውን የሚሸከም የተለመደ ግስ ስለሌለው «ድሃ ሆነ» እያለ ይዞራል።

ቃሉ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የገባ ነው። መካከሉ ላይ የተቀመጠው «ፖቭር»፣ ድሃ ማለት ነው። ፊቱ ላይ ያለችው «ኢም» «ወደ ውስጥ» የምትል ናት፤ ድህነት ውስጥ መክተት እንደማለት። «ኢምፖሲብል» ላይ ካለችው አፍራሽ «ኢም» ጋር አታምታታት፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። «ኢሽ»ም «እንግሊሽ» ላይ ያለችው አይደለችም፤ እንደ «ፊኒሽ» እና «ፐኒሽ» የፈረንሳይኛ ግስ እርባታ ትርፍ ናት።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሥሩ ነው። የላቲኑን «ፓውፐር» ሊቃውንቱ ሲሰነጥቁት «ጥቂት» እና «ማፍራት» ይወጡታል፤ ጥቂት የሚያፈራ። ለሰው ሳይሆን ለማሳ የተሰፋ ይመስላል! እንግሊዝኛው ዛሬም አፈርን በዚሁ ግስ «ያደኸያል»። እኛ መሬት ሳሳ፣ ደከመ እንላለን እንጂ ደኸየ አንልም።

ሌላ መልስ፦ «ቤገር»ንም አትርሱ እንጂ። ለማኝ ማለት ብቻ አይደለም፤ ግስ ሆኖ «ለማኝ አደረገ» ይላል። ሼክስፒር የክሊዮፓትራን ውበት ሲያስነግር፣ መልኳ መግለጫን ሁሉ ለማኝ አድርጎታል ይላል። ቃል በቃል ብትተረጉሙት ሰው ይስቅባችኋል። አማርኛው ግን እዚያው ነበር፦ «ቃል አጣሁላት»። ያው «ያጣ የነጣ» የምንልበት ማጣት ነው።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። «ጦርነቱ አገሪቱን አደኸያት» ብዬ አርሜዋለሁ። ለባልደረባዬም ቡና ዕዳ ገባሁ፤ በዚህ ወር መጨረሻ ደግሞ ማን ማንን እንደሚያደኸይ እናያለን።