የኑግ ዘይት ፖሊዩሬቴን አልደርቅ ብሎኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖቼ። ባሕር ዳር የምማር የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ስፖንጅ ፍራሽ ሲሠራ ቆይቶ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ስፖንጁ የሚሠራበት ፕላስቲክ (ፖሊዩሬቴን) የሚዘጋጅበት አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አስም እንደሚያመጣ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ፖሊዩሬቴንን ያለ አይሶሳይኔት ከኑግ ዘይት የመሥራቱን ሥራ የያዝኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

ጎጃም ኑግ አያጣም። ዘይቱ በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ስለሆነ ድርብ ቦንዶቹን በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና በአሴቲክ አሲድ ወደ ኢፖክሳይድ (ኦክሲጅን ያለበት ትንሽ ቀለበት) ቀየርኩ። ከዚያ ቴትራቡቲል አሞኒየም ብሮማይድን ካታሊስት አድርጌ፣ ያለ ምንም ማሟሚያ፣ ኢፖክሳይዱ ወደ ሳይክሊክ ካርቦኔት (ካርቦን ዳይኦክሳይድ የገባበት ቀለበት) እንዲቀየር በ110 ዲግሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለ3 ቀን አሳለፍኩበት። በኢንፍራሬድ መለኪያ 1800 cm⁻¹ አካባቢ የሳይክሊክ ካርቦኔቱ ምልክት ሲወጣ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የተቸገርኩት ዳያሚን (ካርቦኔቶቹን አያይዞ ፖሊዩሬቴን የሚያደርገው፣ ሁለት የአሚን ጫፍ ያለው ኬሚካል) ላይ ነው። ሄክሳሜቲሊን ዳያሚን ቀላቅዬ በ80 ዲግሪ 2 ቀን ባቆየውም እጅ ላይ እንደ ማር ይጣበቃል። 1650 አካባቢ አማይድ የሚመስል ምልክትም አለ። አሚኑ ካርቦኔቱን ትቶ የዘይቱን ኤስተር እየቆረጠ ይሆን? እንዲያ ከሆነ የሞለኪውሎቹ መረብ መላላቱ አይቀርም። ወይስ ስህተቱ የልኬቴ ነው? አሚኑን ያሰላሁት ኢፖክሳይዱ በሙሉ ተቀይሯል ብዬ ነበር፤ ግን ጥቂት ቅሪት ይታየኛል።

ማሟሚያ ጨምርበት፣ ይቀልልሃል የሚሉኝ አሉ። እሱን አልፈልግም፤ ሠራተኛው መልሶ ጭስ ሊተነፍስ ነው። በዘይት ካርቦኔት የሠራችሁ ካላችሁ፣ ሙቀቱን ልቀንስ ወይስ ሌላ ዳያሚን ልሞክር? የቀረውን ካርቦኔት በምን ለክታችሁ ነው አሚኑን የምትመጥኑት?