የስደት ሕግ ማጥበቅ ቀኝ አክራሪዎችን ያዳክማል?

አወያይዋ፦
የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። በአውሮፓ ቀኝ አክራሪ ፓርቲዎች ከምርጫ ምርጫ እየገፉ መጥተዋል። መሃል ላይ ያሉት ነባር ፓርቲዎች የስደት ሕጉን ቢያጠብቁ ድምፃቸውን ይቀንሱባቸዋል? ወይስ ጭራሽ ያጠነክሯቸዋል? ስሜት ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ያያችሁትንም አምጡ። ዓመቱንም ቀኑንም በአውሮፓ አቆጣጠር እንያዘው፣ አለዚያ እንምታታለን።

የኮፐንሃገኑ፦
እኔ ያዳክማል ባይ ነኝ። ማስረጃዬ የምኖርበት አገር ነው። በ2015 ቀኝ አክራሪው የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ 21.1 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ሆነ። ከዚያ መሃል ግራ ላይ ያሉት ሶሻል ዴሞክራቶቹ በሜተ ፍሬዴሪክሰን መሪነት በስደት ጉዳይ አቋማቸውን አከረሩ። በ2019 እነሱ ሥልጣን ያዙ፣ ያኛው ፓርቲ 8.7 በመቶ ላይ ወረደ። በ2022 ደግሞ 2.6 በመቶ ብቻ ቀረው።

እኔም ስደተኛ ነኝ፤ ይሄን ስናገር ደስ ብሎኝ አይደለም። ግን አብሬያቸው የምሠራቸውን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ሰው ስጋት አለኝ ሲል ገና ሳይጨርስ “ዘረኛ” ብለህ አፉን ካስያዝከው፣ የሚሰማው ጋ ይሄዳል። መሃሉ ካልሰማው ዳሩ ይሰማዋል።

የሳክሰኗ፦
ወንድሜ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ግማሹን ነው ያመጣኸው። በዚያው በ2022 ምርጫ የኢንገር ስቶይበርግ አዲስ ፓርቲ 8.1 በመቶ አገኘ። ሌላው ፀረ ስደተኛ ፓርቲ፣ ኒዬ ቦርገርሊ፣ 3.7 አገኘ። ያንተን 2.6 ጨምርበት። 14.4 በመቶ ነው። ሰዉ አልጠፋም፣ ቤት ነው የቀየረ።

ስቶይበርግ ማን እንደሆነች ለማታውቁ ልንገራችሁ። የስደተኞች ጉዳይ ሚኒስትር ነበረች። በ2017 ሃምሳኛው ሕግ ማጥበቂያ ሲጸድቅ ኬክ ይዛ ፎቶ ተነሳችና ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው። በታኅሣሥ 2021 ጥገኝነት የጠየቁ ጥንዶችን ከሕግ ውጭ እንዲነጣጠሉ በማድረጓ ልዩ ፍርድ ቤት 60 ቀን እስር ፈረደባት። ዓመት ሳይሞላ ሕዝቡ 14 የምክር ቤት መቀመጫ ሰጣት። ሕጉ ሲጠብቅ ሰዉ ይረካል የምትሉ እስቲ ያንን ኬክ አስቡት። ሃምሳ ጊዜ ጠብቆም “በቃን” ያለ የለም።

የኮፐንሃገኑ፦
እህቴ፣ ከ21 ወደ 14 መውረድ ራሱ መቀነስ ነው እኮ! ለዚያውም የተበታተነ 14። ሶሻል ዴሞክራቶቹ ለዘብ ብለው ቢቀሩ ኖሮ ያኔ መንግሥት የሚመራው ማን ይሆን ነበር?

ሚዛን፦
ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ግን መልሱ ጎረቤትህ ስዊድን ጋ አለ። በ2015 ወደ 163,000 ሰው ጥገኝነት ጠየቀ። ለአገሩ የሕዝብ ብዛት ይሄ ትልቅ ቁጥር ነው፣ ልናሳንሰው አይገባም። በኅዳር ወር በሶሻል ዴሞክራቶች የሚመራው መንግሥት በሩን እንደሚያጠብ አስታወቀ። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኦሳ ሮምሰን መግለጫው ላይ እንባዋን መያዝ አቃታት። ቪዲዮውን ያየ አይረሳውም። የራሷን እምነት የሚጻረር ውሳኔ ነው ስታነብ የነበረው።

ከዚያስ? ቀኝ አክራሪዎቹ ስዊድን ዴሞክራቶች በ2014 12.9 በመቶ ነበሩ። በ2018 17.5 ሆኑ። በ2022 20.5 በመቶ አግኝተው ሁለተኛው ትልቅ ፓርቲ ሆኑ። አንዱን ያዳነ መድኃኒት ጎረቤቱን ካላዳነው፣ የዳነው በመድኃኒቱ መሆኑን በምን እናውቃለን?

የሮማው፦
እኔ ክርክሩን ትንሽ ላዙረው። ቀኝ አክራሪዎቹ ራሳቸው ሥልጣን ሲይዙ ምን ያደርጋሉ? የጣልያኗ ጆርጂያ ሜሎኒ በ2022 ከመመረጧ በፊት ጀልባዎቹን በባሕር ኃይል እዘጋለሁ ትል ነበር። መንግሥቷ ግን ከ2023 እስከ 2025 ድረስ ከ450,000 በላይ የውጭ ሠራተኞች በሕጋዊ መንገድ እንዲገቡ ፈቀደ። ለቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ደግሞ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ቁጥር አጸደቀ። ለምን? ቲማቲሙን የሚለቅም፣ ሽማግሌውን የሚያጥብ ሰው የለማ። ንግግሩ ሌላ፣ ሥራው ሌላ። መራጩ ይሄን በግልጽ ቢነገረው ክርክሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

የሳክሰኗ፦
የጀርመኑን ልጨምር። ጥር 29 ቀን 2025 ያኔ የወግ አጥባቂው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ የነበረው ፍሪድሪሽ ሜርዝ ስደትን የሚያጠብቅ የውሳኔ ሐሳብ በቀኝ አክራሪው አማራጭ ለጀርመን ፓርቲ ድምፅ በምክር ቤት አሳለፈ። ከእነሱ ጋር አንተባበርም የሚለው የዓመታት ልማድ በአንድ ከሰዓት ተጣሰ። አራት ሳምንት ሳይሞላ ምርጫ ሆነ። አማራጭ ለጀርመን 20.8 በመቶ አገኘ። በ2021 ያገኘው እጥፍ መሆኑ ነው።

አሁን ያየሁትን ልናገር። በምሥራቅ ጀርመን፣ በሳክሰኒ ግዛት፣ አንዲት ትንሽ ከተማ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። ከተማዋ ውስጥ የውጭ ዜጋ በጣት የሚቆጠር ነው። ጠዋት ጠዋት የማጥባቸው አንዲት ሴትዮ ነበሩ። የሰፈሩ ሐኪም ጡረታ ወጣ፣ የሚተካው ጠፋ። ሌላው ሐኪም ጋ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ መያዝ አለባቸው። ከ11 ሰዓት በኋላ መመለሻ አውቶቡስ የለም። ፌርማታው ላይ ያለው ምሰሶ ግን በምርጫ ፖስተር ተሞልቷል፣ ሁሉም ስለ እኛ ነው የሚያወራው። አንድ ቀን ስሊፐራቸውን ሳጠልቅላቸው “ማንን እንደምመርጥ ታውቂያለሽ አይደል? አንቺን ብዬ አይደለም” አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሐኪሙን ያባረርኩት እኔ አይደለሁም። የስደት ሕጉን አሥር ጊዜ ብታጠብቀው ለእሳቸው አውቶቡስ አይመጣላቸውም። ለዚህ ነው የማይረኩት። የተሰጣቸው ነገር የጎደላቸው ነገር አይደለም።

አወያይዋ፦
የኮፐንሃገኑ፣ ለዚህ መልስ አለህ? ደግሞም ሕጉ ሲጠብቅ ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ብትነግረን።

የኮፐንሃገኑ፦
አለኝ። አውቶቡስ የጎደለበት ሰው እንዳለ አምናለሁ። ግን ሁሉም መራጭ አውቶቡስ ስለጎደለበት ነው ካልን፣ ሰዎቹ የሚሉትን ትተን እኛ በምንፈልገው እየተረጎምነው ነው። ብዙዎቹ የሚሉት ቁጥሩ በዛ፣ ፍጥነቱ በዛ ነው። ይሄ ፍርሃት መልስ ይፈልጋል።

ዋጋውን በተመለከተ ግን አልዋሽም። ከ2019 ጀምሮ እዚህ አገር ጥገኝነት ላገኘ ስደተኛ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ጊዜያዊ ነው። መነሻው አገሩ ሲረጋጋ ይመለሳል ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሶርያዊ አለ። ፈቃዱ ሊያበቃ ወራት ሲቀሩት ከሰው ጋር ማውራት ያቆማል። ባለፈው አልጋ ልግዛ ብሎ አብረን ሄድን። ሱቁ ውስጥ ሲዞር ቆይቶ ፍራሽ ብቻ ገዝቶ ተመለሰ። “አልጋ ከባድ ነው” አለኝ። ግብር ይከፍላል፣ ቋንቋውን ከእኔ በተሻለ ይናገራል።

ስለዚህ አቋሜን በትክክል ላስቀምጠው። ማን ይግባ የሚለው ላይ ጥብቅ እንሁን። የገባውንና የሚሠራውን ሰው ግን በየሁለት ዓመቱ ማንጠልጠል ድምፅም አያመጣም፣ ልክም አይደለም።

የሳክሰኗ፦
እዚህ ላይ ተስማምተናል፣ ወንድሜ። የአውቶቡሱን ነገር ግን ገና አልመለስክልኝም።