33 ታችዳውን፣ 30 ኢንተርሴፕሽን፦ ጥፋቱ የዊንስተን ነው ወይስ የአሰልጣኙ?

ባለቀይ ማልያ፦ ክርክሩን እኔ ልክፈተው። የ2019ኙን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ታምፓ ቤይ ባካኒርስን ወደ ኋላ የጎተተው የኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው) የጄሚስ ዊንስተን ውሳኔ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ልጁ በዚያ ዓመት 5,109 ያርድ ወረወረ። 33 ታችዳውን (ኳሱ ተቃራኒው መጨረሻ ክልል ሲደርስ የሚቆጠር ነጥብ) አቀበለ። እሰየው። 30 ኳስ ደግሞ ለተቃራኒ ቡድን አስረከበ፤ ኢንተርሴፕሽን ማለት ይሄ ነው። በአንድ የውድድር ዘመን ሁለቱንም 30 ያደረሰ ሰው በኤንኤፍኤል (በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ታሪክ ከሱ በፊት የለም። ቡድኑ 7 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ክንዱን ማንም አይክድም። መቼ መወርወር እንደሌለበት ግን አያውቅም።

ሦስተኛ ዳውን፦ ኧረ ቀስ ወንድሜ! አሰልጣኙን የት አደረስከው? ብሩስ ኤሪያንስ እኮ ረጅም ኳስ ካልተወረወረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰውዬ ነው። በ2013 አሪዞና እያለ ኳርተርባኩ ካርሰን ፓልመር በሱ ስር 22 ኢንተርሴፕሽን ወርውሯል። ያውም ስንት ዓመት የተጫወተ ሰው! ደግሞ ታምፓ በ2019 458 ነጥብ አስቆጥሯል። ከዚያ በላይ ያስቆጠሩት ሁለት ቡድኖች ብቻ ናቸው። ማጥቃቱ የቱ ጋ ነው የተጎተተው?

እሙ፦ እንደሱማ አትበል። ከ30ዎቹ 7ቱ እኮ ተመልሰው ታችዳውን ሆነውብናል። 458 ስትል እነሱንም ቀንስ እንጂ። የረጅም ኳስ ነገር ካነሳህ ደግሞ የመጨረሻውን ጨዋታ አስታውስ። ከአትላንታ ጋር፣ በሜዳችን። 22 እኩል ወጥተው ኦቨርታይም (ተጨማሪ ሰዓት) ገቡ። ኳሷ የኛ ነበረች። በመጀመሪያዋ ሙከራ ዊንስተን ወደ መሐል አጭር ኳስ ለቀቀ። የአትላንታው ተከላካይ ዲዮን ጆንስ ከፊት ገብቶ ቀማትና 27 ያርድ ሮጦ ጨረሰው። 28 ለ 22፣ አለቀ ደቀቀ። 30ኛዋ እሷ ነች። ይሄም የኤሪያንስ ድፍረት ነው? ፊት ለፊቱ የቆመውን ተከላካይ ሳያይ ነው የወረወረው።

ሦስተኛ ዳውን፦ እቱ፣ ያን ቀን ሪሲቨሮቹ (ኳስ ተቀባዮቹ) ማይክ ኤቫንስም ክሪስ ጎድዊንም በጉዳት አልተሰለፉም። ሁለቱም በዓመቱ ከ1,000 ያርድ በላይ ያገኙ ልጆች ናቸው። ለማን ይወርውር?

እሙ፦ ለማንም! ከሪሲቨሩ ራስ በላይ አሻግሮ ቢጥላት ማን ይቀጣዋል? ለንደን ላይ ከካሮላይና ጋር ሲጫወቱ ሁለቱም ነበሩ። 5 ኳስ አስቀማ። 37 ለ 26።

ጋሽ ዋሽንግተን፦ ልጆች፣ ዓይኑንስ ለምን አታነሱም? ውድድሩ እንዳለቀ ዓይኑን ኦፕራሲዮን ተደርጓል እኮ። በቅጡ ሳያይ ስንቷን እንደለቀቀ ማን ያውቃል።

ባለቀይ ማልያ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ዓይኑ 33ቱን ታችዳውን ሲያቀብል ደህና ነበር? ለማንኛውም በ2020 በሱ ቦታ ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ መጣ። ያው ኤሪያንስ፣ ያው ኤቫንስ፣ ያው ጎድዊን። 40 ታችዳውን፣ 12 ኢንተርሴፕሽን። በሱፐር ቦውሉ (በፍጻሜው ጨዋታ) ካንሳስ ሲቲን 31 ለ 9 ረትተው እዚያው ታምፓ ላይ ዋንጫ አነሱ። ምን ቀረ?

ሦስተኛ ዳውን፦ ኳስ ተቀባዩ ግሮንካውስኪ ቀረ። ከፊት ሆኖ የሚከላከልለት ትሪስታን ዎርፍስም ቀረ። ሁለቱም የመጡት ዊንስተን ከሄደ በኋላ ነው። ደግሞስ በብሬዲ ሚዛን ከተመዘነ ማን ይተርፋል?

ባለቀይ ማልያ፦ እሺ፣ ብሬዲን ተወው። መካከለኛ ኳርተርባክ አምጣልኝ፣ 15 ጊዜ የሚያስቀማ። ከ9ኙ ሽንፈት 5ቱ በ6 ነጥብና ከዚያ በታች ልዩነት የመጡ ናቸው። ግማሾቹን ኳሶች ባያስረክብ ስንቱን እናሸንፍ ነበር?

ሦስተኛ ዳውን፦ ከአምስቱ የኒውዮርኩን ቡድን ጃይንትስን አውጣልኝ። 32 ለ 31 ነው የተሸነፍነው። ዊንስተን መጨረሻ ላይ ለኤቫንስ ረጅም ኳስ አቀብሎ ቡድኑን ለ34 ያርድ ፊልድ ጎል (በእግር ተመትታ 3 ነጥብ ለምታስገኝ ኳስ) አድርሶት ነበር። መቺው ሳታት። እሷንም በልጁ ላይ ልትጭን ነው?

ባለቀይ ማልያ፦ አወጣሁልህ። አራቱንስ?