የአይጥ ጉበት ሴል ለስብ ጥናት፦ ኤኤምኤል12 ወይስ ሄፓ1-6?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጥናቴ ጉበት ሴል ውስጥ ስብ እንዴት እንደሚጠራቀም ማየት እፈልጋለሁ። ላቦራቶሪያችን ያለው ሄፓ1-6 የሚባለው የአይጥ ጉበት ሴል ነው። አማካሪዬ «ያለውን ተጠቀሚ» ይላል። ኤኤምኤል12 የሚባለውን ሌላ የአይጥ ጉበት ሴል ማዘዝ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ልከራከረው ወይስ ልተወው?

መልስ
ተከራከሪው እህቴ! ሄፓ1-6 የመጣው ከጉበት ካንሰር ነው። የካንሰር ሴል ስብና ስኳር የሚጠቀምበት መንገድ ከጤነኛው ይለያል። ገምጋሚ መጀመሪያ የሚይዝሽ እዚያ ላይ ነው። ኤኤምኤል12 ግን የሰው ቲጂኤፍ-አልፋ (ሴል እንዲያድግ የሚያነሳሳ ፕሮቲን) ጂን ከገባለት አይጥ ጤነኛ ጉበት የተገኘ ነው፤ በ1994 ነው የታተመው። እንደ ጤነኛ ጉበት አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) ይሠራል። ቅንጡ ነው እንጂ! ከ10 በመቶ ሴረም (ከደም የሚወጣ ፈሳሽ) ሌላ ኢንሱሊን፣ ትራንስፈሪን (ብረት ተሸካሚ ፕሮቲን)፣ ሴሌኒየምና ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ) ይፈልጋል። ኢንሱሊኑ በሊትር 10 ሚሊግራም ነው፤ ይሄ ብዙ ነው። ሴሉ ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ የምትለኪ ከሆነ ቀድመሽ ኢንሱሊንና ሴረም በሌለው ሚዲያ (ሴሉ የሚያድግበት ፈሳሽ) አቆዪው። አለዚያ ለውጡ አይታይሽም።

ሌላ መልስ
ሴሉ ስብ እንዲያጠራቅም የምትሰጪውን ፓልሚቲክ አሲድ (የስብ ዓይነት) ከላም አልቡሚን ጋር አያይዘሽ ጨምሪ፤ ብቻውን ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። ማነጻጸሪያው ላይ ያንኑ አልቡሚን ያለ ስብ አድርጊ። ሴሉ ማይኮፕላዝማ (በጣም ትንሽ ባክቴሪያ) እንዳልያዘውም አስመርምሪ። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ ውጤት ግን ያበላሻል።

ጠያቂዋ
ተባረኩ። ሄፓውን ምን ላድርገው ታዲያ?

የመጀመሪያው መላሽ
እንዳትጥዪው! እሱ ዲኤምኢኤም (የተለመደ ሚዲያ) እና ሴረም ካገኘ ይበቃዋል። የኦይል ሬድ ኦ (ስብን ቀይ የሚያደርግ ቀለም) ማቅለሚያ መለማመጃ አድርጊው። ውዱን ሴል በልምምድ አትጨርሺ።