በ1972 ቼቭሮሌት ፒክአፕ ላይ 700አር4 ካምቢዮ ለመግጠም የትኞቹ ዕቃዎች ይስማማሉ?

ቼቭሮሌት_72፦

ጤና ይስጥልኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ የምነዳው እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራ ቼቭሮሌት ሲ10 ፒክአፕ አለኝ። ሞተሩ ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 ሲሆን፣ አብሮት ያለው ባለ ሦስት ማርሹ ቱርቦ 350 አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። የኋላ ዲፈረንሺያሉ የጥርስ ምጣኔ 3.73 ስለሆነ፣ ባለ 28 ኢንች ጎማ ይዤ በሰዓት 65 ማይል ስነዳ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,900 ዙር ይዞራል። ይህን ለመቀነስ ባለ አራት ማርሹን 700አር4 ለመግጠም ወስኜ፣ ከአሮጌ መኪና ዕቃ መሸጫ አንድ ካምቢዮ ገዛሁ። ሻጩ ካምቢዮው የ1984 ሥሪት እንደሆነና ለማንኛውም ቼቭሮሌት እንደሚሆን ነገረኝ፤ ቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክፍል) ግን ከ1989 መኪና ከወጣ ሌላ ካምቢዮ ላይ አንሥቶ ሰጠኝ። አሁን ኮንቨርተሩን ለማስገባት ስሞክር የተወሰነ ያህል ገብቶ ይቆማል፤ እያዞርኩ ብገፋውም ከዚያ አያልፍም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። የማይስማማው ኮንቨርተሩ ነው ወይስ ካምቢዮው ችግር አለበት? ከዚህ ሌላስ አሮጌውን ካምቢዮ ከማውረዴ በፊት ከሞተሩ፣ ከድራይቭ ሻፍቱና ከካርቡሬተሩ ጋር መስማማቱን ማረጋገጥ ያለብኝ ምንድን ነው?

ባለ_ካምቢዮ፦

ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር አጋጥመው ብሎኖቹን በማጥበቅ እየሳቡ ለማስገባት በፍጹም አይሞክሩ። ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው ሳይቀመጥ ብሎን ከጠበቀ የሚሰበረው የዘይት ፓምፑ ነው፤ ይህም ሞተሩ ገና እንደተነሣ ይታወቃል።

ስለ ጥያቄዎ፣ የካምቢዮውን መግቢያ ሻፍት ጥርሶች ይቁጠሩ። በአንዱ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ከዚያ ተነሥተው ዙሩን ይጨርሱ። 700አር4 በ1982 ሲወጣ የመግቢያ ሻፍቱ 27 ጥርስ ነበረው፤ ከ1985 ሥሪት ጀምሮ ግን ወፍሮ 30 ጥርስ ሆነ። ስለዚህ ካምቢዮው በእርግጥ የ1984 ከሆነና ኮንቨርተሩ ከ1989 ከመጣ፣ አንዱ ባለ 27፣ ሌላው ባለ 30 ነው ማለት ነው፤ ሊስማሙም አይችሉም። በእነዚህ ዓመታት መካከል የተሠሩ ዕቃዎች በገበያ ላይ ተቀላቅለው ስለሚገኙ የሻጭን ቃል ይዞ መግዛት አያዋጣም፤ ዓመተ ምሕረቱ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ማረጋገጫው ጥርሱ ነው።

ቆጥረው 27 ካገኙ ሁለት መንገድ አለ። ባለ 27 ጥርስ ኮንቨርተር መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚያወጡት ለደካማው ሻፍት ነው። እኔ የምመክረው ካምቢዮውን መልሰው ከ1987 እስከ 1992 ባለው ጊዜ የተሠራ እንዲፈልጉ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ፋብሪካው ብዙ ደካማ ክፍሎችን አሻሽሎ ነበር። በ1990 ስሙ ወደ 4ኤል60 ተለወጠ እንጂ ያው ካምቢዮ ነው። ከ1993 ጀምሮ የወጣውን 4ኤል60ኢ ግን አይውሰዱ፤ እሱ ማርሽ የሚቀይረው በኮምፒውተር ትእዛዝ ስለሆነ ያለ መቆጣጠሪያ ሳጥን አይሠራም።

የካምቢዮውን የፊት ቅርጽም ይመልከቱ። 700አር4 ከቪ8 ጋር ብቻ አልተሸጠም፤ 2.8 ሊትር ቪ6 ባላቸው ትናንሽ ፒክአፖች ላይ የተገጠመው የብሎን ቀዳዳዎቹ አቀማመጥ የተለየ ስለሆነ ከእርስዎ ሞተር ጋር አይገናኝም። ከውጭ ሲያዩት ሌላው አካሉ ተመሳሳይ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ከሞተሩ በኩል ፍሌክስ ፕሌቱን (ከሞተሩ ኋላ የታሰረውንና ኮንቨርተሩ የሚያያዝበትን ባለ ጥርስ ሳህን) አይለውጡ። የ1972 ሞተር ክራንክ ሻፍት የኋላ ፓራሎሊው (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ቀለበት) ባለ ሁለት ቁራጭ ነው፤ ከ1986 ጀምሮ ባለ አንድ ቁራጭ ሆኖ ሲሠራ የክራንኩ ፍላንጅና ሚዛኑም አብረው ተለወጡ። ከ1989 መኪና የወጣ ፍሌክስ ፕሌት ቢያገኙ እንኳ ለእርስዎ አይሆንም። ሞተሪኖውም የሚመረጠው በፕሌቱ ነው፤ ፕሌቶቹ ባለ 153 ወይም ባለ 168 ጥርስ ስለሆኑ፣ ያለዎትን ፕሌት ካልለወጡ ሞተሪኖውን መለወጥ አያስፈልግዎትም። የኮንቨርተሩ ብሎኖች የሚደረደሩበት ክብ ስፋት ግን 10.75 ወይም 11.5 ኢንች ሊሆን ስለሚችል፣ ፕሌትዎ የትኛው ቀዳዳ እንዳለው ኮንቨርተር ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ። ብዙዎቹ ሁለቱም አላቸው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። ቱርቦ 350 የሞተሩን ጭነት የሚያውቀው ከሞተሩ በሚመጣ የቫኪዩም ቱቦ ነው፤ በካርቡሬተሩ ላይ የታሰረው ካቦ ሥራው ቤንዚን መስጫው እስከ ወለሉ ሲረገጥ ማርሽ ማውረድ ብቻ ነው። 700አር4 የቫኪዩም ቱቦ የለውም። ማርሽ የሚቀየርበትን ጊዜም ሆነ ፍሪሲዮኖቹን የሚጨብጠውን የዘይት ግፊት የሚወስነው ቲቪ ካቦ የሚባለው ነው። ሁለቱ ካቦዎች በቦታቸው ተመሳሳይ ስለሚመስሉ፣ አሮጌው ካቦ በነበረበት ቀዳዳ አዲሱን ማሰር ይቻል ይመስላል። ይህ ከተደረገ ግን ፔዳሉ በትንሹ ሲነካ ካቦው በሚገባው መጠን አይሳብም፤ ግፊቱ ዝቅ እንዳለ ይቀራል፤ ፍሪሲዮኖቹም እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። በደንብ የታደሰ ካምቢዮ እንኳ በዚህ ሁኔታ በጥቂት ቀን ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ለካርቡሬተርዎ ዓይነት ተለክቶ የተሠራ የካቦ መያዣና የካቦውን አሳሳብ የሚያስተካክል ማያያዣ ይግዙ፤ ከገጠሙም በኋላ በካምቢዮው ግራ ጎን ባለው መፈተሻ ቀዳዳ ላይ የግፊት መለኪያ አስገብተው፣ ካቦው ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ግፊቱ አብሮ መጨመሩን በዓይንዎ ይዩ። ይህን ሳያዩ መኪናውን ከቤት አያውጡ።

ረጅም_መንገድ፦

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የርዝመቱን ጉዳይ ልጨምር። ቱርቦ 350 እንደ ጭራው (ከኋላው እንደሚቀጠለው ቤት) የተለያየ ርዝመት አለው። ጭራው ባለ 6 ኢንች ከሆነ ጠቅላላ ርዝመቱ 27 ከ11/16 ኢንች ነው፤ የ700አር4 ጠቅላላ ርዝመት ደግሞ 30 ከ3/4 ኢንች ያህል ነው። ስለዚህ ድራይቭ ሻፍቱ ወደ 3 ኢንች ያህል ማጠር አለበት፤ የካምቢዮው የኋላ መቀመጫም ወደ 2 ኢንች ያህል ወደ ኋላ ስለሚሄድ ከሥሩ ያለውን አግዳሚ ብረት ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። የእርስዎ ጭራ ባለ 9 ኢንች ከሆነ ግን ርዝመቱ ከ700አር4 ጋር ይቀራረባል፤ ሻፍቱን ሳያሳጥሩ መግጠም ይቻላል። መልካሙ ነገር የሁለቱም መውጫ ሻፍት 27 ጥርስ ስለሆነ ዮኩ (ድራይቭ ሻፍቱን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ክፍል) ያው ያገለግላል። የጭነት ሳጥኑ ረጅም ከሆነና ድራይቭ ሻፍቱ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ የሚያጥረው የፊተኛው ክፍል ነው።

ሌላ አማራጭም ልጠቁምዎ። 200-4አር የሚባለው ካምቢዮ ርዝመቱ ከባለ 6 ኢንቹ ቱርቦ 350 ጋር እኩል ስለሆነ ድራይቭ ሻፍቱን መንካት አያስፈልግም፤ የመጀመሪያ ማርሹ 2.74፣ አራተኛው 0.67 ነው። የኋላ መቀመጫው ግን ብዙ ወደ ኋላ ስለሚሄድ አግዳሚው ብረት በዚህም መንቀሳቀሱ አይቀርም፤ እሱም ቲቪ ካቦ ያስፈልገዋል። ጭነት ለሚጭን ፒክአፕ ከሆነ ግን ሳይጠናከር ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ።

ቼቭሮሌት_72፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጥርሶቹን ቆጠርኩ፤ የካምቢዮው ሻፍት 27 ሲሆን የኮንቨርተሩ 30 ነው። ሻጩ ሁለቱንም ለመመለስ ተስማምቷል፤ የ1988 ሥሪት ካምቢዮ ከነኮንቨርተሩ እንደሚያመጣልኝም ነግሮኛል። የእኔ ቱርቦ 350 ጭራ ባለ 6 ኢንች ነው። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ የ700አር4 ኮንቨርተር ሞተሩንና ካምቢዮውን ያለ መንሸራተት የሚያያይዝ ቆላፊ እንዳለው አንብቤያለሁ፤ በእኔ መኪና ላይ ግን ኮምፒውተር የለም። ሳልቆልፈው ብነዳው ጉዳት ይኖረዋል?

ባለ_ካምቢዮ፦

አራተኛ ማርሽ ላይ ሳይቆለፍ መንዳት አይገባም። አራተኛው 0.70 ስለሆነ በ65 ማይል ሞተርዎ ወደ 2,040 ዙር ይወርዳል፤ በዚህ ዙር ጭነት ሲኖር ኮንቨርተሩ ይንሸራተታል፤ መንሸራተቱም በሙሉ ወደ ዘይቱ ሙቀት ይለወጣል። ኮምፒውተር ለሌላቸው መኪናዎች የሚሸጥ የቆላፊ ሽቦ ስብስብ አለ፤ አራተኛ ማርሽ ሲገባ በካምቢዮው ውስጥ ያለው የግፊት ማብሪያ ቆላፊውን የሚያሠራውን የኤሌክትሪክ ቫልቭ (ሶሌኖይዱን) ያበራዋል፤ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ በፍሬን ማብሪያው በኩል ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። የቫኪዩም ማብሪያ ያለውን ቢመርጡ ዳገት ላይ ቤንዚን ሲጨምሩ ቆላፊውን ራሱ ይለቃል፤ ለፒክአፕ ይህ ይሻላል። ከራዲያተሩ በተጨማሪ ለብቻው የሚቆም የዘይት ማቀዝቀዣም ያስገቡ።

የ1988ቱ ካምቢዮ ሲመጣ ኮንቨርተሩ አብሮት የኖረ መሆኑን በሻጩ ቃል አይቀበሉ፤ የሁለቱንም ጥርስ እንደገና ይቁጠሩ። ሲያስገቡት እያዞሩ ይግፉት፤ ከመግቢያ ሻፍቱ፣ ከስቴተሩ (መግቢያ ሻፍቱን ከሚከብበው ቋሚ ሻፍት) እና ከፓምፑ ጋር በየተራ ሲገጥም ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ከዚያ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር አጋጥመው ብሎኖቹን ካሰሩ በኋላ፣ ኮንቨርተሩ በእጅ በነፃ መዞሩን ይፈትሹ፤ በኮንቨርተሩ መቀመጫና በፍሌክስ ፕሌቱ መካከልም ከ1/8 እስከ 3/16 ኢንች የሚሆን ክፍተት መኖሩን ይለኩ። ክፍተት ከሌለ ኮንቨርተሩ ፓምፑ ውስጥ አልገባም ማለት ነውና ካምቢዮውን መልሰው ያውርዱት። ክፍተቱ ከዚህ ከበለጠ ደግሞ በመቀመጫዎቹ ላይ ቀጭን ሮንዴላ ይጨምሩበት፤ ካልሆነ ኮንቨርተሩ ወደ ፊት ተስቦ የፓምፑን ጥርስ በጠርዙ ብቻ ይይዛል።